ዝቅተኛ የሲዲ4 ቁጥርና «የነቃ» የመከላከያ ሥርዓት፦ በአንድ ታዋቂ መላ ምት ላይ የቀረበ ሂስ

እ.ኤ.አ. በ1995 በእስራኤል የሚሠሩት ዝቪ ቤንትዊች፣ አሌክሳንደር ካሊንኮቪችና ዚቫ ዋይስማን «ኢሚዩኖሎጂ ቱዴይ» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ስለ አፍሪካ ኤድስ አንድ ደፋር መላ ምት አቀረቡ። ኤች.አይ.ቪ. በአፍሪካ በስፋት የተሠራጨውና ክፉኛ የሚጎዳው፣ ሕዝቡ ከልጅነቱ ጀምሮ በሚሸከማቸው የአንጀት ጥገኛ ትላትልና ሌሎች ሥር የሰደዱ ልክፍቶች ምክንያት የመከላከያ ሥርዓቱ ያለ ዕረፍት ሲነቃቃ ስለሚኖር ነው የሚል ነበር። መላ ምቱ ከዚያ ወዲህ በብዙ መጽሔቶች ተጠቅሷል፤ በሕክምና ትምህርት ቤቶችም እንደ ተረጋገጠ እውነት ሲነገር ይሰማል። በኢትዮጵያ የሚሠራን የጤና ባለሙያ ግን ከማንም ይልቅ በቅርብ ይመለከተዋል፤ መላ ምቱ የተመሠረተበት ደም በአብዛኛው የኢትዮጵያውያን ደም ነበርና።

በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1991) በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጉዘዋል። ለተመራማሪዎቹ ይህ ያልታሰበ አጋጣሚ ነበር። አንድ ሕዝብ ከትላትል ከበዛበት አካባቢ ወጥቶ ትላትል እምብዛም ወደማይገኝበት አካባቢ በድንገት ተዛወረ። አዲስ በገቡት ላይ በተደረገው የደም ምርመራ የኢዮሲኖፊል ቁጥርና የአይ.ጂ.ኢ. መጠን ከፍተኛ፣ የነቁ ቲ ሕዋሳት ብዙ፣ የሲዲ4 ቁጥር ደግሞ ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። የፀረ ትላትል መድኃኒት ከወሰዱና በአገሩ ጥቂት ከቆዩ በኋላ ለውጡ እየረገበ ሄደ። ይህ የምልከታው ክፍል ጠንካራ ነው፤ እስከ ዛሬም በቁም ነገር የሚነቅፈው የለም።

ከምልከታው ወደ መላ ምቱ የሚያሸጋግረው ድልድይም በሕዋሳት ደረጃ ሲታይ አሳማኝ ነው። ኤች.አይ.ቪ. ባረፈ ሲዲ4 ሕዋስ ውስጥ በቀላሉ አይራባም። ቫይረሱ የሚፈልገው የነቃ፣ ለመከፋፈል የተዘጋጀና በገጹ ላይ ሲሲአር5 የተባለውን ተቀባይ በብዛት ያወጣ ሕዋስ ነው። ትላትል ደግሞ የመከላከያ ሥርዓቱን ወደ «ዓይነት ሁለት» ምላሽ፣ ማለትም ኢዮሲኖፊልንና አይ.ጂ.ኢ.ን ወደሚያበዛው ጎራ ይጎትታል፤ ቫይረስ የተሸከሙ ሕዋሳትን የሚገድለው ክንድ በዚያው መጠን ይዳከማል። ስለዚህ ትላትል ያለበት ሰው ለቫይረሱ ማገዶ ያቀርባል፣ እሳት አጥፊውንም ያሰናክላል ማለት ነው። ውብ ሐሳብ ነው። ችግሩ የሚጀምረው፣ ውበቱ ማስረጃውን ከመጠበቅ ይልቅ ቀድሞት ሲሄድ ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች አንድ ላይ ተቋጥረዋል። የኢትዮጵያዊ ጎልማሳ የመከላከያ ሥርዓት ገጽታ ከአውሮፓዊው ይለያል ወይ? የሚለይ ከሆነስ ምክንያቱ ትላትል ነው ወይ? ልዩነቱ ኤች.አይ.ቪ. የያዘውን ሰው ቶሎ ያሳምመዋል ወይ? ለመጀመሪያው የተገኘው ጥሩ መልስ ለሦስተኛውም እንደ መልስ ሲቆጠር ኖሯል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ የተሟላውን መልስ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ነበር። ፕሮጀክቱ በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትሏል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የአስቴር ፀጋዬና የባልደረቦቿ ጥናት ለኢትዮጵያውያን ጎልማሶች የደም መለኪያዎችን መደበኛ ወሰን አወጣ። ኤች.አይ.ቪ. ከሌለባቸው ሠራተኞች መካከል በዕጣ በተመረጡ 142 ሰዎች ላይ በተደረገው ቆጠራ አማካዩ የሲዲ4 መጠን በአንድ ሚሊ ሜትር ኩብ ደም 775 ሆኖ ሲገኝ፣ ለማነጻጸሪያ በቀረቡት የኔዘርላንድስ ደም ለጋሾች ዘንድ 993 ነበር። የኢትዮጵያውያኑ መደበኛ ወሰን ከ366 እስከ 1,235 ይዘልቃል። በዚያው ዓመት የታተመው የፀሐይነሽ መሰለና የባልደረቦቿ ሥራም ገና ከባዕድ አካል ጋር ያልተፋለሙ አዲስ ቲ ሕዋሳት በኢትዮጵያውያን ዘንድ ጥቂት፣ የነቁት ደግሞ ብዙ መሆናቸውን አሳየ።

366 የሚለው ቁጥር ቆም ብሎ ሊታይ ይገባዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ፀረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ለመጀመር ያስቀመጠው ወሰን 350 ነበር። እንግዲህ በመደበኛው ወሰን የታችኛው ጫፍ ላይ የሚገኝ፣ ቫይረሱ ፈጽሞ ያልነካው ጤናማ ኢትዮጵያዊ፣ ሕክምና ያስፈልገዋል ከሚባለው ታማሚ የሚለየው በ16 ሕዋሳት ብቻ ነበር። ይህ ከአንድ የላቦራቶሪ መሣሪያ የጠዋትና የከሰዓት ንባብ ልዩነት ያነሰ ነው።

ይሁንና ጥናቱ ራሱም ከሂስ አያመልጥም። መደበኛ ወሰን ለማውጣት በላቦራቶሪ ሙያ የተለመደው ዝቅተኛ ቁጥር ለእያንዳንዱ ንዑስ ቡድን 120 ሰው ነው። 142ቱ በጾታ ሲከፈሉ ቢያንስ አንደኛው ወገን ከዚህ በታች መውረዱ የማይቀር ነው፤ የሴቶች የሲዲ4 ቁጥር ከወንዶች ከፍ እንደሚል እየታወቀ ለሁለቱም አንድ ወሰን መያዝ ደግሞ ወንዱን ያለ በሽታው «ዝቅተኛ» ያሰኘዋል። ማነጻጸሪያውም ያከራክራል። ደም ለጋሽ ማለት በተደጋጋሚ ተጠይቆና ተመርምሮ ያለፈ፣ ከአገሩ ሕዝብም ይበልጥ ጤናማ የሆነ ሰው ነው። የፋብሪካ ሠራተኛን ከደም ለጋሽ ጋር አስተያይቶ የሚገኘው ልዩነት የአገር ልዩነት ብቻ ሊሆን አይችልም። ከሁሉ በላይ ግን የሚያስቸግረው ቃሉ ነው። «ዝቅተኛ» ሲባል ከማን ዝቅ ያለ እንደሆነ ካልተነገረ፣ አንባቢው «ደካማ» ብሎ ይተረጉመዋል። 993 የሰው ልጅ ሁሉ ትክክለኛ ቁጥር፣ 775 ደግሞ ከዚያ የጎደለ ሆኖ ይቀራል።

ለሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ምክንያቱ ትላትል ነው ወይ ለሚለው፣ ከእስራኤል የመጣው ማስረጃ «በከፊል አዎ» ያሰኛል። «በከፊል» የሚባለውም ሁለት ነገሮች በአንድነት ስለተለወጡ ነው። ስደተኛው መድኃኒቱን ሲወስድ ውሃውን፣ ምግቡን፣ መኖሪያውንና በዙሪያው ያሉትን ተዋሲያን በሙሉ ቀይሯል። የሳንባ ነቀርሳ፣ የወባና የተደጋጋሚ ተቅማጥ ድርሻ ከትላትሉ ድርሻ ተለይቶ አልተመዘነም። ትላትልም ቢሆን አንድ ነገር አይደለም። ወስፋት፣ መንጠቆ ትልና ቢልሃርዝያ በሰውነት ውስጥ የሚኖሩበት ሥፍራም ሆነ የሚያደርሱት ጉዳት ለየቅል ነው። ለምሳሌ የሽንት ቧንቧ ቢልሃርዝያ የሴቶችን የመራቢያ አካል ገጽ በማቁሰል ለኤች.አይ.ቪ. በር ሊከፍት እንደሚችል ከዚምባብዌ በወጣ ጥናት ተጠቁሟል። ይህ ከአጠቃላይ የመከላከያ ሥርዓት መነቃቃት ጋር የማይገናኝ፣ የቁስል ጉዳይ ነው፤ ሆኖም በብዙ የግምገማ ጽሑፎች ውስጥ ከመላ ምቱ ማስረጃዎች ጋር አብሮ ሲደረደር ይታያል።

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ መላ ምቱ ክፉኛ ተፈትኗል። እዚህ ላይ ሊደነቅ የሚገባው፣ ከሁሉ የተሻለው ፈተና ከኢትዮጵያ መምጣቱ ነው። ያሬድ መኮንንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት በክትትል ላይ ሳሉ ቫይረሱ የያዛቸውን የፋብሪካ ሠራተኞች ተመለከቱ። እነዚህ ሰዎች ቫይረሱ ከመያዛቸው በፊት የነበራቸው የሲዲ4 ቁጥር ተመዝግቧል። መላ ምቱ ትክክል ቢሆን ኖሮ፣ ከዝቅታ የተነሡት ኢትዮጵያውያን ቀድመው ወደ ኤድስ መውደቅ ነበረባቸው። አልሆነም። ከመያዝ በፊት የነበረው ዝቅተኛ ቁጥር የበሽታውን ግስጋሴ አላፋጠነውም። መነሻው ዝቅ ብሎ ወደ ወሰኑ የሚደረሰው በተመሳሳይ ጊዜ ከሆነ፣ የቁልቁለቱ ፍጥነት ከተጠበቀው ያነሰ ነበር ማለት ነው። ጥናቱ የሚገባውን ያህል አልተነበበም። አንድ መላ ምት ሲቀርብ የሚያገኘውን ጭብጨባ፣ የሚያፈርሰው ማስረጃ ሲመጣ አያገኝም።

የፀረ ትላትል መድኃኒት ሙከራዎች ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም። ዳዊት ወልዳይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት የአንጀት ትላትል ያለባቸው የኤች.አይ.ቪ. ታማሚዎች ታክመው ሲድኑ በደማቸው ያለው የቫይረስ መጠን ከመቀነሱ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነበር፤ ነገር ግን የተሳታፊዎቹ ቁጥር ከመቶ በታች ነበር፣ ምደባውም በዕጣ አልተደረገም። ከዛምቢያ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ጥናት ተመሳሳይ ቅነሳ አላገኘም። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አነስተኛ የዕጣ ሙከራ ደግሞ ወስፋት በነበረባቸው ሰዎች ላይ አልቤንዳዞል የሲዲ4ን ቁጥር እንደሚደግፍ አሳየ። በዚህ መሐል ክርክሩን ይዘጋል ተብሎ የተጠበቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተዘገበው ትልቁ የኬንያ ሙከራ መጣ። ሕክምና ለመጀመር ያልደረሱ 948 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው አንደኛው ወገን በየሦስት ወሩ አልቤንዳዞል፣ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ፕራዚኳንቴል ሲሰጠው፣ ሌላው ወገን የተለመደውን እንክብካቤ አገኘ። በሁለት ዓመት ክትትል በበሽታው ግስጋሴ ላይ ልዩነት አልታየም።

ብዙዎች በዚህ ነገሩ አለቀ ብለዋል። ነገር ግን ሙከራው የመለሰው የትኛውን ጥያቄ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። መድኃኒቱ የተሰጠው ሰገራ ሳይመረመር ለሁሉም ነው። ትላትል ለሌለው ሰው የተሰጠ መድኃኒት ሊጠቅመው የሚችልበት መንገድ ስለሌለ፣ ትላትል ላለበት የሚገኝ ጥቅም ቢኖር እንኳ በብዙኃኑ መካከል ይሟሟል። ስለዚህ ሙከራው የተናገረው ለጤና ጥበቃ ባለ ሥልጣን ነው፦ ኤች.አይ.ቪ. ላለበት ሁሉ በጅምላ መድኃኒት በማደል የበሽታውን ግስጋሴ አታዘገይም። በክሊኒክ ውስጥ ወስፋቱ በሰገራ ምርመራ ለታየበት አንድ ታማሚ ግን ሙከራው መልስ አልሰጠም። ለዚያ ታማሚ ደግሞ መልሱ ከመላ ምቱ ውጭም ይገኛል። መንጠቆ ትል ደም ያሳንሳል፣ ወስፋትም ልጅን ያቀጭጫል፤ ማከም የሚገባው ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረችው አገር አቀፍ የተማሪዎች የፀረ ትላትል ዘመቻ የቆመው በዚሁ ምክንያት ላይ እንጂ በኤች.አይ.ቪ. ላይ አይደለም።

ከሕዝብ ስርጭት አንጻርም መላ ምቱ ቀላል ጥያቄ ይቀርብለታል። ትላትል የወረርሽኙ ነዳጅ ከሆነ ኢትዮጵያ ከቀዳሚዎቹ ተጎጂዎች አንዷ መሆን ነበረባት። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉት ሰዎች ዘንድ ያገኘው ስርጭት ግን እ.ኤ.አ. በ2005 1.4 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 0.9 በመቶ ነበር። በኑሮ ደረጃቸው ከኢትዮጵያ በእጅጉ የሚሻሉት ቦትስዋናን የመሰሉ የደቡብ አፍሪካ ክፍለ አህጉር አገሮች ከ20 በመቶ በላይ አስመዝግበዋል። የወንዶች ግርዛት ቫይረሱ ወደ ወንዱ የመተላለፉን ዕድል ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2007 የታተሙ ሦስት ሙከራዎች አረጋግጠዋል፤ የሰዎች እንቅስቃሴና የግንኙነት ሰንሰለትም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። «የአፍሪካ ኤድስ» የሚለው አጠራር እነዚህን ሁሉ ልዩነቶች ጠቅልሎ አንድ አህጉራዊ ደም ያለ ያስመስላል። አጠራሩ በላቦራቶሪ ብቻ የሚቀር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሪያ በእስራኤል ኢትዮጵያውያን የለገሱት ደም በኤች.አይ.ቪ. ሥጋት ሳይነገራቸው በጅምላ ሲጣል እንደኖረ ሲገለጥ በኢየሩሳሌም ታላቅ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። የመላ ምቱ ደራሲዎች ለዚህ ተጠያቂ አይደሉም፤ የእነርሱ ዓላማ ታማሚውን መርዳት ነበር። ሆኖም ሰውን በግሉ ሳይመረምሩ በትውልዱ የሚመድብ አስተሳሰብ ከሳይንስ ቋንቋ ምን ያህል እንደሚመገብ ያ አጋጣሚ ያስታውሳል።

ስለ መነቃቃቱ መንስኤም ከ1995 ወዲህ ዕውቀቱ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2006 ብሬንችሊና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት ኤች.አይ.ቪ. በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የአንጀትን ሲዲ4 ሕዋሳት ሲያወድም የአንጀት ግድግዳ ይሳሳል፣ የባክቴሪያ ስብርባሪዎችም ወደ ደም ይገባሉ። የመከላከያ ሥርዓቱን ያለ ዕረፍት የሚያነቃው አንዱ ምክንያት እንግዲህ ቫይረሱ ራሱ ነው፤ ይህም ትላትል በሌለባቸው የበለጸጉ አገሮች ታማሚዎች ላይ የታየ ነው። መነቃቃት በሽታውን ያፋጥናል የሚለው የቤንትዊችና የባልደረቦቹ መሠረታዊ ግንዛቤ በዚህ ጸንቷል፤ ለብቻው የአፍሪካ ነው የሚለው ግን ወድቋል።

ክርክሩ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ካለ የኮቪድ-19ን ዘመን ይመልከት። ዳዊት ወልዳይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት የ751 ኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ክትትል የአንጀት ጥገኛ ተዋሲያን ያለባቸው ሰዎች በከባድ ኮቪድ የመያዝ ዕድላቸው ከሌለባቸው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በኤች.አይ.ቪ. ጊዜ ከሳሽ የነበረው ትላትል በኮቪድ ጊዜ ጠበቃ ሆነ ማለት ነው። በሥነ ሕይወት ረገድ ሁለቱ የግድ አይቃረኑም። በኮቪድ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ከልክ ያለፈ ብግነት ስለሆነ፣ ትላትል የሚያመጣው ማርገብ ሊጠቅም ይችላል። ግን አንድ ሐሳብ መባባስንም መቅለልንም ውጤቱ ከታወቀ በኋላ የሚያስረዳ ከሆነ፣ ገና ከመነሻው ምን እንደሚሆን ሊተነብይ አልቻለም ማለት ነው። በዚያ ላይ የትኛውም የክትትል ጥናት ጥገኛ ተዋሲያን ያለባቸውና የሌለባቸው ሰዎች በዕድሜ፣ በኑሮና በሌሎች ሕመሞች የሚለያዩበትን መንገድ በስሌት ብቻ አጣርቶ አይጨርስም። በ2002 የታየው ድክመት በ2021ም አለ፦ ዕጣ አልወጣም።

ዛሬ ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ሕክምና እንዲጀምር የዓለም ጤና ድርጅት ከ2015 ወዲህ ስለሚመክር፣ የሲዲ4 ቁጥር ሕክምና ለመጀመር አይጠየቅም። ቁጥሩ ግን ከጠረጴዛው አልተነሣም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው መመሪያ የጠና ኤች.አይ.ቪ. ያለበትን ጎልማሳ ከሚለይባቸው መመዘኛዎች አንዱ ከ200 በታች መሆን ነው፤ የክሪፕቶኮከስ አንቲጅን ምርመራና ሌሎች የመከላከያ እርምጃዎች በዚህ ወሰን ዙሪያ ይታዘዛሉ። 200 ከ993 ሲታይ አንድ አምስተኛ ነው፤ በጤናው ጊዜ 400 ለነበረው የአቃቂ ሠራተኛ ግን ግማሽ ነው። ቁጥሩ በሁለቱ ሰዎች ዘንድ እኩል አደጋ ያመለክታል ተብሎ የተያዘው በግምት ነው። ይህን ለመመርመር አዲስ መላ ምት አያስፈልግም። በየሆስፒታሉ የተከማቸው የታማሚዎች መዝገብ የመጀመሪያውን የሲዲ4 ቁጥርና ኋላ የመጡትን ተደራቢ ሕመሞች ይዟል፤ በጾታና በአካባቢ ተለይቶ ሊተነተን ይችላል። እስከዚያው ድረስ የላቦራቶሪ ውጤት ወረቀት ከቁጥሩ ጎን የሚያትመው መደበኛ ወሰን ከመሣሪያው ጋር ከባሕር ማዶ የመጣው ሳይሆን በኢትዮጵያውያን ላይ የተለካው፣ ለወንድና ለሴት የተለየው ቢሆን፣ ወረቀቱን የሚያነበው ሐኪም የፊቱን ታማሚ ከማን ጋር እንደሚያስተያየው ያውቃል።